ከመከለያው ወዲህ

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ቫኪዩሙን እየጎተትኩ እስከ መከለያው ድረስ ሄድኩና ቆምኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ የአንግሊካን ነው፤ ከዳውንታውን በስተምሥራቅ፣ አውቶቡስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ። ከዚያ በፊት ዳውንታውን ባለ አንድ አሮጌ ሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር። በሱዳን በኩል በስደት ወደዚህች የበረሃ የቁማር ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ የማውቀው ሥራ አልጋ ማንጠፍና መታጠቢያ ቤት መፈግፈግ ነው። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ የሆቴሉ ሰዎች ቀለል ያለ ሥራ አለ ብለው ወደዚህ ላኩኝ። የቀጠሩኝ ቄስ ሴት ናቸው። ሰው ሁሉ ማዘር ካሮል ይላቸዋል።

መከለያው እስከ ወገብ የሚደርስ ድፍን የኦክ እንጨት ነበር። መሐሉ ላይ ጠባብ በር አለው። ከመከለያው ወዲያ መሠዊያው፣ ወዲህ የሕዝቡ ወንበር።

«ግቢ እንጂ፤ ምንጣፉ የሚቆሽሸው እዚህ ነው» አሉኝ ማዘር ካሮል ከውስጥ ሆነው።

«እኔ እዚያ አልገባም» አልኳቸው።

«ለምን?»

«መቅደስ ነው። በኛ ሴት አይገባም።»

ራሳቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። «እኔስ ታዲያ?»

«እርስዎ ቄስ ነዎት፤ የራሳችሁ ሥርዓት ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ።»

የሚያሰናብቱኝ መስሎኝ ነበር። ሳቁና ከመከለያው ወጥተው ክንዴን ያዙኝ። «ነይ፣ የማስተዋውቅሽ ሰው አለ» አሉ።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ልብሰ ተክህኖው ከሚሰቀልበት ቁም ሣጥን በላይ፣ የአንድ ሰው ሥዕል ነበር። ቀጭን ፊት፣ ጥቁር ቆብ፣ ሰፊ ነጭ ኮሌታ። ዓይኑ ወደ ጎን ያያል።

«ቶቢያስ ሬንዴል ይባላሉ» አሉ ማዘር ካሮል። «እንግሊዝ አገር የገጠር ቄስ ነበሩ፤ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት። መከለያ አቆሙ፤ በሱ ምክንያት ያላቸውን ሁሉ አጡ። እኔ ትምህርቴን የጨረስኩት በእሳቸው ላይ ጽፌ ነው። አንቺን ቢያገኙ ደስ ይላቸው ነበር።»

ሥዕሉን አየሁት። መስተዋቱ አቧራ ነበረበት። የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን መወልወል ሆነ።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ዋልተር ይባል ነበር። ጽዋውን፣ ጨርቁን፣ ሻማውንና ልብሱን የሚያሰናዳው፣ መሠዊያውንም የሚያለብሰው እሱ ነው። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ካዚኖ ውስጥ የቁማር ጠረጴዛዎች ተቆጣጣሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ ሲጠብቅ ስለኖረ ዓይኑ ምንም አያልፈውም። አንድ ሻማ ከሌላው ትንሽ ቢያዘነብል ከበር ሆኖ ያየዋል።

ከእሱ በታች እኔ ነኝ፤ የጽዳትና የበር ሠራተኛ። ሁለታችንም በአንድ ቀን ውስጥ ተግባባን። ቫኪዩሙን እስከ በሩ አደርሳለሁ፤ እሱ ተቀብሎ ውስጡን ይጨርስና ይመልስልኛል። ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ሲመጣ መቀርቀሪያውን እከፍትለታለሁ። መቀርቀሪያው ከውጭ ስለሆነ እጁ የሞላ ሰው ብቻውን አይገባም።

«የሺ፣ አንቺ ባትኖሪ ዛሬም እዚህ ቆሜ እቀር ነበር» ይለኝ ነበር በየሳምንቱ። በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይስቃል።

ከዋልተር የተማርኩት ብዙ ነው። ሰም የፈሰሰበት ጨርቅ በቀጥታ አይታጠብም። መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፤ ሰሙ ሲደርቅ በጥፍር ይነሣል፤ የቀረው በወረቀት መሐል ሆኖ በካውያ ይወጣል። ወይን የነካው ጨርቅ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሙቅ ውኃ ከቀደመው አይለቅም። የመጀመሪያው እጣቢ እንደ ሌላው እጣቢ አይደፋም። ዕቃ ቤቱ ውስጥ በቀጥታ ወደ አፈር የሚወርድ ለብቻው የተሠራ ገንዳ አለ፤ እዚያ ይፈስሳል። ያንን ዋልተር ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እጥበትና ተኩስ እኔ።

ናስ በክብ አይወለወልም፤ በአንድ አቅጣጫ ነው። ሻማ ከላይኛው መደርደሪያ አይቀመጥም። አንድ ሐምሌ ኤሲው ተበላሽቶ ስንመጣ ረጃጅሞቹ ሻማዎች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው አገኘናቸው። ዋልተር ቆቡን አወለቀ። «ቢያንስ እነሱ ይሰግዳሉ» አለ።

የበር ሥራም የራሱ ጉድ ነበረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሙሽራ ልብስ የለበሰች ልጅና አንድ ጎልማሳ በሩን አንኳኩ።

«ዛሬ ታጋባላችሁ?» አለ ሰውየው።

«መጀመሪያ ከቄሷ ጋር ብዙ ጊዜ መነጋገር አለባችሁ።»

«ብዙ ጊዜ? አውሮፕላናችን እኮ ማታ ነው!»

ወዲያው የሚያጋቡ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ስትሪፕ የሚወስደውን መንገድ አሳየኋቸው። ልጅቷ ከመኪናው መስኮት እጇን አውለበለበችልኝ።

እሑድ ሥራዬ ስለነበር ለራሴ ቤተ ክርስቲያን የሚተርፈኝ የበዓል ቀን ብቻ ነበር። በዐቢይ ጾማቸው ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ሾርባ አቀርባለሁ። ሰው ሾርባውን እየጠጣ ማዘር ካሮል ስለ ሬንዴል ያወራሉ። በየዓመቱ ያው ታሪክ ነው፤ ግን በየዓመቱ የሆነ ነገር ይጨምሩበታል። ከኋላ ተቀምጬ እሰማ ነበር።

ሬንዴል የጓንት ሰፊ ልጅ ነበሩ። ተምረው ቄስ ሆኑና አንድ መንደር ተሰጣቸው። እዚያ ሲደርሱ ሰው ቆቡን መሠዊያው ላይ ያስቀምጣል፤ ልጆች ይደገፉታል፤ ውሻ ከሥሩ ይተኛል። ሬንዴል እንጨት አስመጥተው መከለያ አቆሙ። ጳጳሳቸው አመሰገኗቸው። የመንደሩ ሰው ግን ጠላቸው፤ ከእግዚአብሔር በአጥር ለየን አለ።

«ለውሻ ብለው ነው ለቅድስና?» ብዬ ጠየቅኩ አንድ ረቡዕ።

«እሳቸው ለሁለቱም ነው ይሉ ነበር» አሉ ማዘር ካሮል።

ከዚያ ንጉሡና ፓርላማው ተዋጉ። ወታደሮች መጥተው መከለያውን ሰባብረው እሳት አነደዱበት። ሬንዴልን ከቤታቸው አስወጧቸው። ዓመታት በዘመድ ቤት ልጆች እያስተማሩ ኖሩ። መንደሩን የያዘው ረዳታቸው ነበር፤ ከላቲን ፊደል ጀምሮ ራሳቸው ያስተማሩት ወጣት። እሱ መከለያ አላስፈለገውም። ከመጣው ሁሉ ጋር ተስማማ።

ያን ጊዜ ይህን እንደ ታሪክ ነበር የሰማሁት።

ምሕረትን ያመጣኋት እኔ ነኝ። በዲቪ ከአዲስ አበባ መጥታ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ዊልቼር ትገፋ ነበር። በበዓል ቀን በኛ ቤተ ክርስቲያን ተዋወቅን። ሺፍቷ ከእሑድ በቀር ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። ለማዘር ካሮል ነገርኳቸው፤ ረዳቴ ሆና ተቀጠረች።

ጎበዝ ነበረች፤ ለፍላፊም ነበረች። ከነዩኒፎርሟ እየሮጠች ትመጣና ወሬዋን ከበር ትጀምራለች።

«እትዬ የሺ፣ ዛሬ አንድ ሽማግሌ ገፍቼ ገፍቼ በሩ ላይ ሳደርሳቸው ተነሥተው አውሮፕላኑ ውስጥ በሩጫ ገቡ! ቲፑንም ይዘው ሮጡ!»

«አንቺስ ዝም አልሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ዊልቼሩን ይዤ ልከተላቸው?»

ሁሉንም አስተማርኳት፤ ናሱን፣ ሰሙን፣ የጨርቁን እጥፋት። ጽዋው የሚጠረግበትን ጨርቅ ሦስት ላይ ሦስት አጥፎ የተጠለፈበትን መስቀል መሐል ማድረግ ሰው ቶሎ አይዘውም። እሷ አንድ ጊዜ አይታ ያዘችው።

አንድ ቀን አውሎ ነፋስ ነፍሶ በበሩ ሥር የገባው የበረሃ አቧራ ሁሉ ውስጥ ነበር። ዋልተር ሐኪም ዘንድ ሄዷል። እኔ ወንበሮቹ መሐል ሆኜ ናስ እወለውላለሁ። የቫኪዩሙ ድምፅ ራቀብኝና ቀና አልኩ። ምሕረት መሠዊያው አጠገብ ናት።

«ምሕረት! ውጪ ከዚያ!»

«ምነው እትዬ የሺ? አቧራ እኮ ነው የማወጣው።»

«መቅደስ መሆኑን አታውቂም?»

«የኛ አይደለማ። ማዘር ካሮልም ይገባሉ።»

«እሳቸው ቄስ ናቸው።»

«ዋልተርስ?»

«ዋልተር የነሱ ሰው ነው፤ የነሱን ሥርዓት ይከተላል።»

«እኔ ደግሞ የነሱ ሠራተኛ ነኝ» አለችና ቫኪዩሙን አስነሣች።

ዋልተር እየደከመ ሄደ። ልጁ ሮድስ ራንች ሰፈር ወዳለው ቤቷ ልትወስደው ወሰነች። ማዘር ካሮል ቢሮ ጠሩኝ።

«ቦታው ያንቺ ነው» አሉ። «በሥራው አንቺን የሚቀድም የለም። ግን የዕቃ ቤት ኃላፊ መሠዊያው ጋ መድረስ አለበት። ትገቢያለሽ?»

«ሁሉንም አሰናድቼ እስከ በሩ ባደርስ፣ የሚያስገባ ሰው ቢኖር?»

«የሺ፣ የሚያስገባው ሰው እኮ ነው የዕቃ ቤት ኃላፊ።»

እንዳስብበት ጊዜ ሰጡኝ። አሰብኩበት። የንስሐ አባቴ አያየኝም፤ የሚነግርብኝ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ በሆነበት ሰዓት መቀርቀሪያውን ከፍቼ ቆሜ አውቃለሁ። ያንን ቦታ እፈልገው ነበር። የዋልተርን ቁልፎች፣ ነጭ ጓንቶቹን፣ የመጨረሻውን ሻማ የማቃናቱን ሥራ እፈልገው ነበር። እግሬ ግን አልሄደም።

«አልገባም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ምሕረት ትሆናለች። ቅር ይልሻል?»

«አይለኝም» አልኩ።

ቅር ማለት ትንሽ ቃል ነው። ቀናሁ። ቁልፎቹ ወገቧ ላይ ሲንኳኩ ቀናሁ። ስሟ በእሑዱ የቅዳሴ መርሐ ግብር ወረቀት ላይ ሲወጣ ቀናሁ። ማዘር ካሮል ጨርቁን ዘርግተው «እንዴት የሚያምር እጥፋት ነው!» ሲሏት ዞር ብዬ ወንበር ማስተካከል ጀመርኩ። ስህተት ፈለግኩባት። አጣሁ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝና።

ከሁሉ የከፋው በሩ ነበር። በየእሑዱ ጽዋውን ይዛ ትመጣና «እትዬ የሺ፣ በሩን» ትላለች። ለዋልተር ስከፍት መቀርቀሪያው ይክበድ ይቅለል አስቤው አላውቅም። ለእሷ ስከፍት ከበደኝ። ፊቷን አላይም። ወለሉንም አላይም። እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ።

በዚያ ዓመት ጾም ማዘር ካሮል የሬንዴልን መጨረሻ አወሩ። በጦርነቱ ተሸንፎ የተገደለው ንጉሥ ልጅ ተመልሶ ነገሠ። ሬንዴል ወደ መንደራቸው ገቡ፤ መከለያውን እንደገና አቆሙ። ጳጳስ ይሆናሉ ተብሎ ተጠበቀ፤ እሳቸውም ጠበቁ። የተሾመው ግን ያ ረዳታቸው ነው። አዲሱ ጳጳስ ሀገረ ስብከቱን ሲጎበኝ ወደዚያ መንደር መጣ። ሬንዴል በሩን ከፍተው፣ መከለያ ያላስፈለገውን ሰው በመከለያው አስገቡት። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ያችው መንደር ቄስ ሆነው ኖሩ። ሲሞቱም በውስጥ ሳይሆን በደጀ ሰላሙ ሥር ቅበሩኝ ብለው እዚያ ተቀበሩ።

«ያን በር ሲከፍቱ ምን የተሰማቸው ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁ ማዘር ካሮል።

አንዱ ትሕትና አለ። አንዷ ይቅርታ አለች። እኔ ሳህን እየሰበሰብኩ ነበር።

«የሺ፣ አንቺስ?»

«ወደ እግሩ ነው ያዩት» አልኩ። «ጫማውን ሳይጠርግ ቢገባ ደስ ይላቸው ነበር።»

ሰው ሳቀ። ማዘር ካሮልም ሳቁ፤ ከዚያ ግን አዩኝና መሳቃቸውን ተዉ።

በሚቀጥለው እሑድ ለምሕረት በሩን ስከፍት እግሯን አየሁ። በሩን እንዳለፈች፣ ጽዋውን እንደያዘች፣ አንዱን ጫማ በሌላው እግሯ ገፍታ አወለቀች፤ ሌላውንም እንዲሁ። ጥቁሮቹን የኤርፖርት ጫማዎች ከመከለያው ጥግ ትታ በካልሲ ወደ መሠዊያው ሄደች። መከለያው ድፍን ስለሆነ ከወንበሮቹ በኩል አይታይም።

ዕቃ ቤት ስንገናኝ «ጫማሽን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታወልቂው?» አልኳት።

«ከመጀመሪያው ቀን ነዋ! በጫማማ እንዴት ይገባል እትዬ የሺ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እፈራለሁ እኮ። በገባሁ ቁጥር ነው የምፈራው። እርስዎ ሲያዩኝ ደግሞ ይብስብኛል።»

«ከፈራሽ ለምን ትገቢያለሽ?»

«የሚገባ ሰው ያስፈልጋላ» አለች።

ብታቃልለው ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ያልፈራችውን ልንቃት ተዘጋጅቼ ነበር። ፈርታ የምትገባውን ግን ምን ላድርጋት? ከዚያ ቀን በኋላ ቅናቴ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

በፋሲካቸው ዋልተር በዊልቼር መጣ። ምሕረት ከልጁ ተቀብላ እንደ ለመደችው አዙራ ገፋችው። የመከለያው በር ጋ ሲደርሱ መንኮራኩሩ ተቀረቀረ። እንጨቱ አልሰፋ፣ ዊልቼሩ አልጠበበ። ማዘር ካሮል ቁርባኑን ይዘው ወደ ውጭ ወጡለት። ዋልተር አጠገቤ ሆኖ መሠዊያውን አሻግሮ አየ።

«የሺ፣ እስከ ዛሬ የምታዪው ከዚህ ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

«ከዚህ ነው።»

«ግራው ሻማ ዘንበል ብሏል።»

«አይቻለሁ» አልኩት። ሁለታችንም ማቃናት አልቻልንም።

መከለያው ይነሣ ያለችው ምሕረት ናት። በቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ላይ በዚያ እንግሊዝኛዋ ተነሥታ፣ ዊልቼር የማይገባበት በር ኤርፖርት ቢሆን ያስዘጋ እንደነበር ተናገረች። ሰው አጨበጨበ። ከዋልተር ጋር ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያሰበችው እሷ ናት።

ማዘር ካሮል ከመወሰናቸው በፊት ወደ ዕቃ ቤት መጡ። የሬንዴልን ሥዕል ቀና ብለው አዩና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«በእሳቸው ላይ ጽፌ መከለያቸውን ላስነሣ ነው» አሉ። «ያንቺን ሐሳብ ሳልሰማ አላደርገውም። እምቢ ካልሽ ሌላ መላ እፈልጋለሁ።»

አንድ ቃል ብናገር ይቀር ነበር። መከለያው ቢነሣ እኔ የት እንደምቆም አላውቅም ነበር። ምሕረት ያሰበችው እንዲቀርም እፈልግ ነበር።

«ዋልተር መግባት አለበት» አልኳቸው።

አናጢ መጥቶ አነሣው። እንጨቱን ወሰዱት፤ ትንሿን በር ግን ማዘር ካሮል አስቀርተው ዕቃ ቤት ከሬንዴል ሥዕል ሥር አሰቀሏት። መቀርቀሪያዋን እስከ መጨረሻው እወለውለው ነበር።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ቫኪዩሙን ይዤ መጣሁ። መከለያው በነበረበት ቦታ የብሎን ቀዳዳዎች በሌላ ቀለም እንጨት ተደፍነው በመስመር ይታያሉ። ማዘር ካሮል ከመሠዊያው በኩል ነበሩ።

«አሁን አጥር የለም፣ የሺ። ግቢ።»

«አጥሩን ነው ያነሣችሁት» አልኳቸው። «ቦታው እዚያው ነው።»

እስከ መስመሩ ጠርጌ ቆምኩ። ምሕረት ከዕቃ ቤት ወጣች። መስመሩ ጋ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ ተሻገረችና እጇን ዘረጋች። ቫኪዩሙን ሰጠኋት። ውስጡን ጨርሳ መለሰችልኝ። ዋልተርና እኔ እንዲሁ ነበር የምናደርገው፤ ነግሬያት አላውቅም፤ አይታን ይሆናል።

«ገመዱ እንዳይጠልፍሽ» አልኳት።

«እሺ እትዬ የሺ።»

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንዲሁ ሠራን። ዋልተር ከመሞቱ በፊት ደጋግሞ መጣ፤ ምሕረት እስከ መሠዊያው ትገፋዋለች፤ ሻማውን ያቃናል። እኔ ከመስመሩ ወዲህ ሆኜ አያለሁ። ዛሬም ዕቃ ቤቱ የእሷ ነው። ዛሬም እቀናለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ያስተማራችሁት ሰው አንድ ቀን እናንተ ያልደረሳችሁበት ይገባል። ትቀናላችሁ። እየቀናችሁም ቢሆን በሩን ክፈቱለት፤ እጁ ሙሉ ነው።